አያታችን በ1966 ዓ.ም ጅማ ነው ያረፉት፣ የሞታቸው መዝገብ ከየት ይገኛል?

የአዌቱ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ጅማ ያላችሁም ከጅማ የወጣችሁም። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

አባቴ ባለፈው ሚያዝያ አረፈ። ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ተባልንና ገና ድንኳኑ እንደተነሳ እኔና ወንድሜ ቀበሌ ሄድን፣ መዝጋቢዋ ነፍስ ይማር ብላ ፎርሙን አወጣችና የሟች ስም ከነአባት ከነአያት አለችን። የአባቴ አያት ማለት ነው እንግዲህ። እኔ አንድ ስም ተናገርኩ ወንድሜ ሌላ ስም ተናገረ። እዚያው ቆመን ተያየን። ቤት ሄደን አክስቴን ስንጠይቃት የእኔን አለች፣ አጎቴ ጋ ስንደውል የወንድሜን አለ። የአንድ አባት ልጆች ሆነው በገዛ አያታቸው ስም አይስማሙም! ቀኑ እያለቀ ስለነበር በአክስቴ ቃል ሞላነው፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ይሄንን የሚያውቀው አባቴ ነበር፣ ስንት ዓመት አብሬው ቡና ስጠጣ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

የምናውቀው ይሄን ያህል ነው። አያቴ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከሸዋ ወደ ጅማ መጡ፣ ሄርማታ ሰፈር ቡና ይነግዱ ነበር፣ ሰው ሁሉ ግራዝማች ነበር የሚላቸው፣ ህዳር 1966 ላይ አረፉ። መቃብራቸው ላይ የነበረው የእንጨት መስቀል ከጠፋ ቆይቷል። ሸዋ የት እንደሆነ፣ ማን እንደወለዳቸው፣ ወንድም እህት ይኑራቸው አይኑራቸው ማንም አያውቅም። የሞት ሰርተፍኬታቸው ቢገኝ የአባታቸው ስምና የትውልድ ቦታቸው ይኖርበታል ብዬ ነበር፣ ቀበሌ ግን የ66 ዓ.ም የለንም አሉኝ። ማዘጋጃ ቤት ልሂድ? ሆስፒታል? ፍርድ ቤት? ይሄንን ነገር የሞከረ ሰው ካለ ከየት ልጀምር?

መዝገብ ቤት

ነፍስ ይማር እህቴ። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ቀበሌ የለንም ያሉሽ እውነታቸውን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደትና የሞት መዝገብ ይያዛል ብሎ ነበር ግን ያ ክፍል በሥራ ላይ ሳይውል ነው የኖረው። አባትሽን ያስመዘገባችሁበት አሠራር የመጣው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፣ ምዝገባው በሀገር ደረጃ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ቀበሌ ራሱ የተቋቋመው ከ1967 ወዲህ ስለሆነ አያትሽ ከቀበሌም በፊት ነው ያረፉት። ስለዚህ ሰርተፍኬት የሚባል ወረቀት መፈለግሽን ተይው።

ግን ሰው ሲሞት ንብረት ይቀራል። የቡና ነጋዴ ከነበሩ ቤት ወይ ቦታ ነበራቸው ማለት ነው፣ ቤት ካላቸው ደግሞ ሚስት ወይ ልጅ ወራሽ ነኝ ብሎ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊሆን ይችላል። የወራሽነት ማስረጃ ፋይል ውስጥ ሟች መቼ እንደሞቱ፣ ልጆቻቸው እነማን እንደሆኑ ይጻፋል፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የምስክሮች ቃል ነው። ምስክር ሲጠየቅ ሟችን እንዴት ታውቃቸዋለህ ይባላል፣ ያን ጊዜ ሰው ይዞ የሚሄደው የሀገሩን ሰው ስለነበር "አብረን ነው ከእንዲህ ያለ ሀገር የመጣነው" የሚል ቃል አጋጥሞኛል እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ። ያቺ አንዲት መስመር ለአንቺ ከሰርተፍኬት ትበልጣለች።

ፋይሉን በሟች ስም አትፈልጊው፣ የሚከፈተው በአመልካች ስም ነው። የሴት አያትሽን ስም ከነአባቷ፣ ቀጥሎ የታላቁን ልጅ ስም ይዘሽ ሂጂ። የዛን ጊዜ ወረቀት "ከፋ ጠቅላይ ግዛት" ነው የሚለው ርዕሱ፣ ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ "ከፋ ክፍለ ሀገር"፣ ከፋ የሚለውን አይተሽ ይሄ የቦንጋ ነው ብለሽ እንዳታልፊው፣ ዋና ከተማው ጅማ ነበር። ፋይሉ ካልተገኘ ቤቱ በ67ቱ አዋጅ ተወርሶ ከሆነ የቤት ፋይል ውስጥ የወራሾች ስም ሊኖር ይችላል።

በአክስትሽ ቃል ስለሞላሽው ፎርም አትጨነቂ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። የሞት መዝገብ ላይ ቀኑና ቦታው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፣ ያኔ የነበረ ሰው ነውና የሚናገረው። ዕድሜውና የወላጅ ስም ግን አስመዝጋቢው የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው። ነገ የአንቺ የልጅ ልጅ ያንን ወረቀት አግኝታ እንደ ወንጌል ታየዋለች። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ፣ አጎትሽም ምን እንዳለ፣ ቀን ጽፈሽ ከሰርተፍኬቱ ኮፒ ጋር አያይዘሽ አስቀምጪ። በኋላ በማስረጃ ማስተካከል ይቻላል፣ ፍርድ ቤት ሊያደርስ ቢችልም።

ዲያቆን ከጅማ

ሁለቱ ስሞች እንዴት ያሉ ናቸው? ስሙን አትጻፊው፣ ዓይነቱን ብቻ ንገሪኝ። አንደኛው ወልደ ወይም ኃይለ ወይም ገብረ ብሎ በቅዱስ ስም የሚያልቅ ከሆነ የክርስትና ስም ሊሆን ይችላል እኮ። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው፣ በአርባውም በሰማንያውም በተዝካሩም የሚጠራው እሱ ነው፣ በዓለም ስም አይደለም። ስለዚህ አንዱ ልጅ ለቅሶ ላይና ቅዳሴ ላይ የሰማውን ይዞ ሌላው ሰፈር ውስጥ የሚጠራውን ይዞ ሊሆን ይችላል፣ ሰውየው አንድ ናቸው። በቤተሰብ ውስጥ በዚህ ሲጣሉ ብዙ አይቻለሁ፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ መቃብር ላይ ሁለቱም ስም የሚጻፈው ለዚህ ነው።

አክስትሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፦ አያታችን ዝክር ሲያደርጉ ወይ ለካህን ስም ሲሰጡ የማንን የማንን ስም ነበር የሚሰጡት? ሰው የሞቱ ወላጆቹን ስም ለጸሎት ይሰጣል፣ ልጅ ሆና ሰምታው ይሆናል።

የጅሬን

አላህ ይርሀመው አባትሽን። እኛ ቤት ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው ግን ይጠቅምሽ ይሆናል። የኛ መቃብር ላይ ብዙ ጊዜ ጽሑፍ የለም ድንጋይ ብቻ ነው፣ የቅድመ አያቴን ወረቀት ስፈልግ ሦስት ዓመት የፈጀብኝ ደግሞ ስሙ ነው። እዚህ የድሮ ሰው በፈረስ ስሙ ነው የሚጠራው፣ አባ እንዲህ አባ እንዲያ እየተባለ፣ አባ ጂፋር ራሱ የፈረስ ስም ነው። የግብር ደረሰኙ ላይ በፈረስ ስሙ፣ ሌላ ቦታ ላይ በተወለደበት ስሙ ተጽፎ እኔ ሁለት ሰው መስሎኝ አንዱን ጥዬው ነበር። አያትሽም ግራዝማች ስለነበሩ ሰው በማዕረግ ብቻ ጽፏቸው ሊሆን ይችላል፣ ግራዝማች እንትና ብቻ የሚል ካየሽ አትለፊው።

ሌላ ደግሞ የቁቤ ነገር፣ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ማለቴ ነው። ከ1984 ወዲህ ያለው የቀበሌም የፍርድ ቤትም ወረቀት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ስም ወደ ቁቤ ሲገለበጥ መልኩ ይቀየራል። የቁቤ ኤክስ ጥ ነው፣ ኪው ቅ ነው፣ ሲ ብቻዋን ጭ ናት፣ ች ደግሞ ሲ ኤች ነው። ጥላሁን በቲ ተጽፎ በኤክስም ተጽፎ ታገኚዋለሽ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲፈልጉልሽ በሁለቱም ሞክሩ በያቸው ካልሆነ የለም ብለው ይመልሱሻል። የኔን ቅድመ አያት የለም ብለው ነበር፣ ነበረ ግን።

የእድር ጸሐፊ

ልጄ እግዚአብሔር ያጥናሽ። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ 19 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ለልጆች አስረክቤያለሁ። የሞት መዝገብ በመንግሥት ቤት አልነበረም እንጂ በሀገሩ ሁልጊዜም ነበረ፣ እድር ውስጥ። እስካሁን ማንም ስላላነሳው ገርሞኛል።

አንድ ሰው እድር ሲገባ ስሙን ብቻ አይደለም የሚያስመዘግበው። ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ እናት አባቱን፣ የሚስቱን እናት አባት፣ ወንድም እህቱን ያስመዘግባል፣ ምክንያቱም ለእያንዳንዳቸው የሚከፈለው ይለያያል፣ ያልተመዘገበ ሰው ሞተብኝ ቢል አይከፈለውም። ስለዚህ ሰው በዚህ ላይ አይዋሽም፣ ጎረቤት ሁሉ እያወቀው። የቤተሰብ ሐረግ ማለት ይኸው ነው፣ በገንዘብ ያዥ እጅ የተጻፈ።

አሁን የምልሽን በደንብ ስሚኝ። የአያትሽን ሞት ብቻ አትፈልጊ። የእሳቸው ሞት የተጻፈበት ገጽ ላይ የምታገኚው የአንቺኑ ቤተሰብ ነው፣ ይኸን ያህል ብር ለባለቤታቸው ተሰጠ፣ ድንኳን ወጣ፣ ይኸው ነው። አያትሽ ለቅሶ የተቀመጡባቸውን ሰዎች ፈልጊ። ከሩቅ ሀገር መጥቶ ጅማ የኖረ ሰው እናቱ ወይ ወንድሙ ሀገር ቤት ሲሞት መርዶ ይመጣበታል፣ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ይረዳል፣ እድሩ ደግሞ ይከፍላል። እኛ ስንጽፈው "የእናታቸው የወይዘሮ እንትና መርዶ፣ ከእንዲህ ያለ ሀገር" ብለን ነው። የሟች ስም አለ፣ ዝምድናው አለ፣ ሀገሩ አለ፣ ቀኑ አለ። አያትሽ ከ1933 በኋላ መጥተው በ66 ካረፉ በመሀል ከ30 ዓመት በላይ አለ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ መርዶ ያልደረሰው ሰው የለም።

መዝገቡን ለማግኘት አያትሽ የየትኛው እድር አባል እንደነበሩ እወቂ፣ የሰፈር ሊሆን ይችላል፣ የቤተክርስቲያን፣ የነጋዴ፣ የሀገር ልጆች እድርም ነበረ። ደብተር ሲሞላ አዲስ ይገዛል፣ አሮጌው አይጣልም፣ ወይ እቃ ቤት ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር ሳጥን ውስጥ ነው፣ ወይ የቀድሞው የእድሩ ዳኛ ቤት ቀርቷል፣ እሱ ካረፈ ልጆቹ ጋ። እቃ ቤቱ እርጥበት አለው፣ የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ብዙ ደብተር ተበልቷል። ቶሎ ሂጂ። ስትሄጂ ደግሞ ባዶ እጅሽን ወረቀት ልይ ብለሽ አትግቢ፣ አክስትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ሽማግሌዎቹ እሷን ሲያዩ ያስታውሳሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

የእድር ጸሐፊው ያሉት አንጀቴን በላው፣ አባቴ በ84 መርዶ የሰማበትን ጠዋት አስታወሰኝ።

ከቤተሰባችሁ ውጭ ሀገር ያረፈ ካለ ደግሞ ያንንም ጠይቂ። እዚህ አሜሪካ የሞት ሰርተፍኬት ላይ የሟች አባት ስም፣ የእናት ስም ከመጀመሪያ ጋብቻዋ በፊት የነበራት፣ የትውልድ ቦታ፣ መረጃውን የሰጠው ሰው ስምና ዝምድናው ጭምር ይጻፋል። የእኔ አክስት እዚህ ስታርፍ ልጇ ነው የሞላው፣ ለቅሶ ላይ ሆኖ ግራ ገብቶት የእናቷ የቤተሰብ ስም የሚለው ጋ የራሱን አባት ስም ጻፈበት፣ የኛ ሴቶች ሲያገቡ ስም እንደማይቀይሩ ለፈረንጁ ማስረዳት አቅቶት። መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ ልክ ነው ማን ነው የተናገረው የሚለው መታየት አለበት። የትውልድ ቀን ላይም እኛ ሰዎች በጣም ነው የምንሳሳተው፣ የኢትዮጵያን ዓመት ሳይቀይሩ በፈረንጅ ፎርም ላይ ይሞሉታል፣ ሰውየው ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመርበታል።

መረጃ ሰብሳቢ

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ከ2005 እ.ኤ.አ ጀምሮ ልደትና ሞት ይከታተላል፣ ሰው ሲሞት ቤቱ ድረስ ሄደን ቤተሰቡን በመጠየቅ ምን እንደገደለው ይጣራል፣ እዚያ ላይ ሠርቼ ነበር። መረጃው ለምርምር ስለሆነ ለአንቺ አይጠቅምም ግን ያስተማረኝ አለ፣ የቤቱን ትልቅ ወንድ አትጠይቂ፣ ያስታመመችዋን ጠይቂ። አጠገቡ የነበረችው ናት የምታውቀው፣ ሰው ሲደክም ደግሞ የልጅነቱን ነው የሚያወራው። አያትሽን ያስታመመ በሕይወት አለ? ዓመት ስትጠይቂ ደግሞ ቁጥር አትጠይቂ፣ ጣሊያን ሲገባ ምን ያህል ልጅ ነበሩ፣ ማይጨው የዘመተ ከቤታቸው ነበረ ወይ፣ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ።

የአዌቱ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየደጋገምኩ ሳነበው ነበር። ዲያቆን አዎ አንደኛው ወልደ ብሎ ነው የሚጀምረው!! አጎቴ ያለው እሱ ነው።

ያስታመመቻቸው አክስቴ ራሷ ናት፣ ያኔ 30 ዓመት ሊሆናት ምንም አልቀራትም። ቡና አፍልቼ እንደተባልኩት ዓመት ሳልጠይቅ ስለ ዝክር ጠየቅኳት። ስም አላስታወሰችም ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። በየዓመቱ ህዳር 12 ህዳር ሲታጠን አያቴ እህል አይቀምሱም ነበር አለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው ጭሱን ያዩ ነበር፣ ለምን ሲባሉ "አባቴን የወሰደው ይሄ ወር ነው" ይሉ ነበር። እስከዛሬ ማንም ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀም።

መዝገብ ቤት

የህዳር በሽታ ነዋ! 1911 ዓ.ም። በዓለም ላይ የተነሳው ኢንፍሉዌንዛ እኛም ሀገር በህዳር ብዙ ሰው ጨርሷል፣ ህዳር ሲታጠን የሚባለውም ከዚያ ጋር ነው የሚያያዘው። እህቴ የቅድመ አያትሽን የሞት ዓመትና ወር አገኘሽ እኮ፣ ወረቀት የሌለው መዝገብ ነው ይሄ።

ከዚህ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አያትሽ በ1911 ሕፃን ከነበሩ አባታቸው ሳይሆን ሌላ ሰው ነው ያሳደጋቸው፣ አጎት ወይ የእናታቸው ሁለተኛ ባል ወይ አያት። ሁለተኛው ስም የክርስትና ስም ላይሆንም ይችላል፣ የአሳዳጊ ስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ክፍት አድርጊያቸው፣ ለመዝጋት አትቸኩዪ።

የአዌቱ ልጅ

ነሐሴ ነው፣ ይሄንን የምጽፈው ገና እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

እድሩ ተገኘ። አሁን ስሙ ተቀይሯል ከሌላ ጋር ተዋህዷል፣ አሮጌዎቹ ደብተሮች የቀድሞው ዳኛ ልጅ ቤት መንደራ ነበሩ፣ ጋሼ እንዳሉት አክስቴን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው አክስቴን ሲያያት የግራዝማች ልጅ አይደለሽም ወይ ብሎ ተነስቶ ሳማት። ሳጥኑን አወጣልን፣ አምስት ደብተር፣ ሁለቱ ውሃ ገብቶባቸው ገጹ ተጣብቋል አልነካናቸውም። ሦስተኛው ላይ የ1951 ዓ.ም፣ ግንቦት፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ቃል በቃል ልጻፈው፦ "ለግራዝማች... የእናታቸው የወይዘሮ... መርዶ ከተጉለት ስለመጣባቸው" ከዚያ የብሩ ልክና የተቀባይ ፊርማ። ፊርማው የአያቴ ነው። ፊርማቸውን አይቼ አላውቅም ነበር።

የአባታቸውን ስም አላገኘሁም። ያገኘሁት የእናታቸውን ስም ነው፣ በቤታችን አንድም ሰው ጠርቶት የማያውቀውን፣ እኛ ስንጣላ የነበረው ሁሉ ስለ አባትየው ነበር እሷን የጠየቀ አልነበረም። ከነአባቷ ስም አለ። እዚህ አልጽፈውም፣ ገና እኛ እየለመድነው ነው። አክስቴ ሰውየው ቤት ቁጭ ብላ ከ60 ዓመት በላይ የቆየውን ለቅሶ አለቀሰች፣ የዚያን ቀን ትዝ ይለኛል አለች፣ በጠዋት ሰው ሲመጣ አባቷ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ወጥተው መሬት ላይ ሲቀመጡ፣ ማን እንደሞተ ግን ለልጆቹ አልተነገረም።

ተጉለት የምታውቁ ካላችሁ ከደብረ ብርሃን ምን ያህል ነው፣ ከዚያ ሰው ስም ብቻ ይዤ ብሄድ ማንን ነው መጀመሪያ የምጠይቀው?

የእድር ጸሐፊ

ልጄ እልል ብያለሁ።

አሁን አትሂጂ፣ በዚህ ዝናብ ደጋውን አትችሉትም፣ ጥቅምት ላይ ሂዱ አዝመራው ሲደርስ፣ ሰውም ቤቱ ይገኛል። ስትደርሺ ቢሮ አትግቢ፣ እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላም ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ እነሱን በእናትየዋ ስም ጠይቂ፣ ከነአባቷ። በ1951 ሞታ ወደ ጅማ መርዶ የተላከባት ሴት ብለሽ። መርዶውን ይዞ የመጣ ሰው አለ፣ እሱ ዘመድ ነው፣ የእሱ ልጆች አሉ።

የደብተሩን ገጽ ፎቶ ስታነሺ ሽፋኑንም አንሺ፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ገጾችም፣ ቀኑ በምን ተራ እንደገባ እንዲታይ። የተጣበቁትን ሁለቱን በጉልበት እንዳይከፍቷቸው ለሰውየው ንገሪው፣ በሳጥን ታፍነው አይቀመጡ፣ ፀሐይ ላይም አይስጣቸው፣ ከእርጥበት ራቅ ባለ ንፋስ ባለበት ጥላ ይቀመጡ። እዚያ ውስጥ የሌላ ሰው እናት አለች።